ሁለተኛው መታጠፊያ

ኬሪያ ቃሲም እግሯን የወረሰችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እንደ እኩዮቿ ሁሉ እናቷ ወደ ማሠልጠኛው ወሰደቻት። አንዲት ነርስ ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ግራጫ ልባስ አለበሰቻትና እስቲ ትንሽ ሩጪ አለቻት። ኬሪያ ሮጠች። ከአጥሩ ማዶ ቆማ የምታየው እናቷ ልጇን ከሌሎቹ መለየት አቃታት።

ልባሱን ሕዝቡ «ውርስ» ይለዋል። የአንዲት ታላቅ ሯጭ ጡንቻ መቼ እንደሚኮማተርና መቼ እንደሚላላ፣ እግሯ መሬቱን እንዴት እንደሚረግጥና እንዴት እንደሚለቅ ቀድቶ ይይዛል፤ ያንኑ በሌላዋ ልጅ ጡንቻ ላይ በስሱ ይነዝራል። ልጅቱ ለዓመታት ለብሳው ከሮጠች በኋላ ስታወልቀው አሯሯጡ የራሷ ሆኖ ይቀራል። በሀገሪቱ ያሉ ሴት ሯጮች በሙሉ የወረሱት ከአንድ ሰው ነው፤ ከኡርጌ ዋቆ። ኡርጌ የእንስት አትሌቶች ብሔራዊ ኒሻን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበሉት ናቸው። ለኒሻኑ ያበቃቸው ሩጫ፣ ገና በሙከራ ላይ የነበረው ልባስ ከእግራቸው ሳይወልቅ የሮጡት ስለነበር፣ ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ልጆች በየሀገሩ ያሸንፋሉ፤ ማንም የሚገረም የለም።

እንግዳውን ነገር ያየችው ኢንጂነር አስካለ ምትኩ ናት። የአስካለ ሥራ ውርሱን መጠበቅ ነው፤ በኒሻኑ በዓል ሰሞን ደግሞ በስታዲየሙ ላይ የሚታየውን የብርሃን ትዕይንት ታዘጋጃለች። የዚያን ዓመት ለኒሻኑ የታጩት አምስት ነበሩ፤ ኬሪያ ከመካከላቸው አንዷ ናት። አስካለ አምስቱ ልጆች የሮጡባቸውን ምስሎች አንዱን በሌላው ላይ ደራርባ አንዲት ግዙፍ ሯጭ ልታደርጋቸው አሰበች። ምስሎቹ እንደጠበቀችው ልክክ አሉ። አምስቱ ጥንድ እግሮች እንደ አንድ ጥንድ ረገጡ፣ እንደ አንድ ተነሡ። ሯጯ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን ራሷን ወደ ቀኝ መለስ አደረገች። ለቅጽበት ነው። ከዚያ ወደ ፊቷ ተመልሳ ሩጫዋን ቀጠለች።

አስካለ የምስል ስህተት መሰላት። እያንዳንዱን ለየብቻ አየችው። አምስቱም ያንኑ ያደርጋሉ። የዓምናዋን የኒሻን ተሸላሚ አመጣች፣ የካቻምናዋን፣ ከዚያም አልፋ ዛሬ ልጆቿን የዳረችውን ሯጭ አመጣች። በዝናብ የሮጡትም፣ በባዕድ ሀገር ስታዲየም የሮጡትም፣ ሁሉም ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ብረቱ አጥር ይመለከታሉ። ልባሱ ከዳሌ በታች ነው፤ አንገት ጋ አይደርስም። አንገታቸው ከማን ወረሰ?

የኒሻኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው። ውርስ ሳይመጣ በፊት በራሳቸው እግር የሮጡ፣ ምንም ያላሸነፉና ይህንን የማይደብቁ ሴት ናቸው። አስካለ ምስሉን ስታሳያቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ደጋግመው ሲያዩት ግን ሳቃቸው ጠፋ። መዞሩ ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ ጠየቋት። ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው አለች። ወይዘሮ ፀዳለ ልጆቹ በዚያች ከጥቅሻ ያነሰች ሰዓት የተነጠቁት ወርቅ እንዳለ አስታወሷትና ከበዓሉ በፊት ከውርሱ ውስጥ እንድትቆርጠው አዘዟት። በኒሻኑ ቀን አምስቱ ልጆች የክብር ዙር ሲሮጡ ንጹሕ ሆነው እንዲታዩ ፈለጉ።

አስካለ ያቺን የመታጠፊያ ቅጽበት ከእግሮቹ ቅጂ ቆረጠች። የታረመውን ልባስ ለኬሪያ አልብሳ የሩጫው መም ላይ አሰማራቻት። ኬሪያ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ውኃ አለፈች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። አልወደቀችም፣ አልተደናቀፈችም፤ የተዘጋ በር እንደገጠመው ሰው ባለችበት ቀጥ ብላ ቀረች። አስካለ ሮጣ ሄደችና አመማት እንደሆነ ጠየቀቻት። ኬሪያ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ብረቱ አጥር እያየች ነበር።

«እዚያ ምን አለ?» አለች አስካለ።

«ምንም የለም፣ እትዬ አስካለ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ኬሪያ ጥቂት አመነታች። «ልጅቷን ነው የምፈልገው። ቢጫ ቀሚስ የለበሰችውን። አጥሩ ጋ መቆም ነበረባት። አንድም ቀን ቆማ አላየኋትም፤ ግን ካልፈለግኳት እግሬ አያልፍም።»

አስካለ ይህንን ለማን እንደነገረች ጠየቀቻት። ለማንም አልነገርኩም አለች። «ሰው ሁሉ ሲሮጥ የሚፈልገው ሰው ያለው መስሎኝ ነው።»

አስካለ የቀሩትን አራቱን በየተራ አነጋገረቻቸው። አንዷ ከደጋ፣ አንዷ ከቆላ፣ ቋንቋቸውም የተለያየ ነው። ሁሉም ቢጫውን ቀሚስ ያውቁታል። ፊቷን ማንም አያውቅም። አንደኛዋ ስትናገር ልጅቷ ዛሬ አርፍዳ ይሆናል ብላ ነው የጀመረችው፤ ከአፏ ምን እንደወጣ ስትሰማ ራሷ ደነገጠች።

ጡንቻ ቀለም አይቀዳም። አስካለ ይህንን ከማንም ይበልጥ ታውቃለች፤ ስለዚህ ለማመን የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ባዶ በሆነ ጊዜ ያልታረመውን ልባስ ራሷ ለበሰችና መሙ ላይ ወጣች። አካሏ የከበደ፣ ከወንበር የማይነሣ ሴት ናት፤ ልባሱ ግን ተሸከማት። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ፉጨት ሆነ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈች። ሁለተኛው ሲቃረብ ደረቷ ውስጥ አንድ ደስታ ተነሣ፤ በዓል ሊገባ ሲል ልጅ የሚሰማው ዓይነት፣ የራሷ ያልሆነ ደስታ። አንገቷ ሳታዘው ዞረ። የብረቱ አጥር ባዶ ነበር። ደስታው እንደነበረ ቀረ፣ መግቢያ አጥቶ። እግሯ ግን አልቆመም፤ በሚቀጥለው ዙር ትኖራለች እያለ ይዟት ሄደ። ልባሱን ለማውለቅ የተቀመጠችው መላ ሰውነቷ ሲዝል ነው፤ ተቀምጣም ዓይኗ ከአጥሩ አልተነቀለም።

በማግስቱ ባቡር ይዛ ወደ አርሲ ወረደች። ኡርጌ ዋቆ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ባለ የገብስ ማሳ ዳር ነው። የሰፈሩ ሰው በአክብሮት አዴ ኡርጌ ይላቸዋል። ስድሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ሩጫ እንደማያዩ፣ የኒሻኑ በዓል ላይም ተጠርተው እንደማይሄዱ ሰው ሁሉ ያውቃል። አስካለን ወተት አጠጥተው ካስቀመጧት በኋላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቋት። እሷ ግን የመጣችበትን በቃል መግለጽ ስላቃታት ምስሉን አውጥታ አሳየቻቸው።

አዴ ኡርጌ ያቺ ከአምስት ልጆች የተሠራች ሯጭ ስትዞር አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ብዙ ቆይተው እንደገና እንድታሳያቸው ጠየቁ፤ ከዚያ ምስሉን እንድታጠፋው በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ ዲንቄ ትባላለች። ኡርጌ ከትምህርት ቤት ሩጫ ጀምሮ የሚደክማቸው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስለነበር ዲንቄ ሁልጊዜ እዚያ ትቆምላቸዋለች። ከሰው መካከል እንድትታያቸው ቢጫ ቀሚሷን ትለብሳለች። ስታያቸው እጇን ታወዛውዛለች፤ ሌላ ምንም አታደርግም። የዚያ የታላቁ ሩጫ ቀን ግን አልነበረችም። መኪና ዘግይቶባት ይሆናል ብለው ሮጡ። በየዙሩ ፈለጓት። በሚቀጥለው ዙር ትደርሳለች እያሉ ከዚያ በፊት ሮጠው የማያውቁትን ሩጫ ሮጡ። ሲጨርሱ ሕዝቡ ያብድ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ አጥሩ እያዩ ነበር። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ካረፉበት ሆቴል በር ላይ ቆሙ። ዲንቄ በድንገተኛ ትኩሳት ሞታ የተቀበረችው ከሩጫው በፊት ነበር። አባታቸው ልጄ ሩጫዋን ትጨርስ ብለው መርዶው እንዲቆይ አደረጉ።

«እኔን አረዱኝ» አሉ አዴ ኡርጌ። «አለቀስኩ፣ ተዝካሯን አወጣሁ፣ ቀስ በቀስም ወጣልኝ። እግሬን ግን አስቀድማችሁ ቀድታችሁት ነበር። እሱን ማን አረዳው?»

«ስንት ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ ቀጥለው።

በሀገሪቱ ያሉ ሁሉ መሆናቸውን ስትነግራቸው ከዘራቸውን ፈለጉ። ወደ ማሠልጠኛው ትወስጂኛለሽ አሏት።

አስካለ ለወይዘሮ ፀዳለ ደወለችና የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዳምጠው ሲጨርሱ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ሆኖም በዓሉ ደርሷል፣ የዓለም ሻምፒዮናም ይከተላል፤ ልጆቹ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመው እንዴት ይሮጣሉ አሉ። ሁለቱም ይለፉና ያኔ በእርጋታ ይነገራቸው አሉ። አዴ ኡርጌ አጠገቧ ሆነው ይሰሙ ነበርና ስልኩን ተቀበሏት።

«አባቴም እንደዚሁ ነበር ያሉት» አሉ።

ከወዲያ በኩል ክልከላም ፈቃድም አልመጣም።

አዴ ኡርጌ ሁለት የሰፈራቸውን ሴቶች አስከትለው ወደ ማሠልጠኛው ገቡ። እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ ነው። አምስቱ ልጆች ከመኝታቸው ተነሥተው የልምምድ ልብሳቸውን ሳይለብሱ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሦስቱን ሴቶች ነጠላቸው ተዘቅዝቆ ሲያዩ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው የመጣ መርዶ መሰላቸው። ማናቸውም ውርሱን አልለበሱም ነበር። አዴ ኡርጌ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ።

«የምትፈልጓት ልጅ እህቴ ናት» አሉ። «ስሟ ዲንቄ ዋቆ ነው። ያን ቀን የቀረችው ጠልታን አይደለም፣ አርፍዳም አይደለም። ሞታ ነው። አትመጣም፣ ልጆቼ።»

መጀመሪያ የጮኸችው ኬሪያ ናት። ከዚያ አምስቱም ወደቁ። አይተዋት ለማያውቋት፣ እነሱ ሳይወለዱ ለተቀበረች ልጅ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ሁለቱ ሴቶች እያቀፉ፣ ውኃ እያጠጡ ያረጋጓቸው ነበር። አስካለም ሳታውቀው ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር፤ ሰውነቷም ልባሱን ከለበሰችበት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የያዘውን አንድ ነገር ሲለቅ ተሰማት።

ስልኳ የጮኸው በዚሁ መካከል ነው። ከጅማ ማሠልጠኛ ነበር። የጧት ልምምድ ላይ የነበሩት ልጆች ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቆመው መሬት ተቀምጠዋል፤ ያለቅሳሉ፤ ምክንያቱን አይናገሩም አሏት። እሱን ሳትጨርስ ከደብረ ብርሃን ተደወለ፣ ከሰቆጣ፣ ከጎባ። ልባሶቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ ከአዳራሹም የወጣ ወሬ የለም። የሰቆጣው አሠልጣኝ ልጆቹ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደሚጠይቁት ነገራት፤ ማን ነው የሞተብን ይላሉ። አስካለ የዲንቄን ስም ነገረችው። እስከ ረፋድ ድረስ ለደወለላት ሁሉ ያንኑ ስም ነገረች።

የኒሻኑ ቀን ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ኒሻኑ ለኬሪያ ተሰጠ። በዓመቱ የሮጠችው ተመዝኖ፣ ከመርዶው በፊት የተወሰነ ነበር። ከዚያ አምስቱ ለክብር ዙር ወጡ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አንዳቸውም አልዞሩም። ወይዘሮ ፀዳለ እንደተመኙት ንጹሕ ሆኖ አለፈ። ግን ዘገዩ። ለማንም ዓይን በሚታይ መጠን ዘገዩ። ሕዝቡ ጭብጨባውን ቀስ በቀስ ተወ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእግራቸው ድምፅ ተሰማ። አንድ የነበረው ኮቴ ተበትኖ ነበር፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚንጠባጠበው፣ እያንዳንዷ በየራሷ ትረግጣለች።

ወይዘሮ ፀዳለ ወደ አስካለ ዞረው ከውርሱ ምን እንደቆረጠች ጠየቋት። ምንም አልቆረጥኩም አለች፤ የቆረጠችውንም መልሳዋለች። ሊቃውንቱ ለዓመታት ስለ ጅማቱ፣ ስለ ሳንባው፣ ስለ ደጋው አየር ሲጽፉ ኖረዋል። አስካለ ግን መሙን እያየች ያ ፍጥነት ምን እንደነበረ ገባት። አንዲት ልጅ እህቷን ለማየት ትቸኩል ነበር። ሀገሩ ሁሉ የሮጠው በዚያ ችኮላ ነው፤ ያንን ሁሉ ወርቅ ያመጣው፣ በሚቀጥለው ዙር ትኖራለች የሚል ተስፋ ነው።

አስካለ ይህንን ስትነግራቸው ወይዘሮ ፀዳለ ወዲያው ወደ ሰብሳቢነታቸው ተመለሱ፤ ኬሪያን አስጠርተው አቀፏትና ለሚቀጥሉት ልጆች የሚሆን አዲስ ውርስ ከእሷ እንዲቀዳ ፈቃዷን ለመኑ። በማሠልጠኛው በር አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የድሮውን ማልበስ ከእንግዲህ አይቻልም አሉ።

ኬሪያ ኒሻኑ አንገቷ ላይ እንዳለ ወደ እግሮቿ አየች። የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደተቀበለ ሰው አየቻቸው።

«አሁን በውስጣቸው ምን እንዳለ አላውቅም» አለች። «መጀመሪያ እኔ ልልመዳቸው።»

ኒሻኑን አውልቃ ለአስካለ ሰጠቻትና ሕዝቡ ሳይበተን ብቻዋን ወደ መሙ ተመለሰች። የሮጠችው በቀስታ ነው፤ ርምጃዋ አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንገቷ ቀጥ እንዳለ አለፈች። ከብረቱ አጥር ጋ ማንም አልነበረም፤ ከእንግዲህም የሚፈልግ አልነበረም።