ፋንታሁን የተሸከመላት ስም

መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም. ጆሃንስበርግ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአዋጅ ተዘጋች፤ በሚኒባስ ጥሩምባና በሸቀጥ ተሸካሚ ጩኸት ሲናወጥ የሚውለው፣ የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መናኸሪያ የሆነው የጀፕ ጎዳና ጭር አለ፤ ወታደሮች በየመስቀለኛው መንገድ ቆሙ። ከጎዳናው በላይ ባለች ክፍል፣ የብርድ ልብስ ነጋዴው የፋንታሁን ባለቤት ወይዘሮ ዕፀገነት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር። ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ የቆየ ሕመም በተወው ጠባሳ ተዘግተው ነበርና፣ ቀዶ ጥገናው ለሚያዝያ ተቀጥሮላት ነበር፤ የደወለችው ነርስ ግን አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን ነገረቻት። ዕፀገነት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበር።

ክልከላው ላላ ሲል የፋንታሁን ታላቅ ወንድም አቶ አምሃ በዚያው ከተማ ካለው ከዱርንፎንቴን ሰፈር መጡ፤ ዕፀገነት ጓዳ ሳለች ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ ተናገሩ።

«አባታችን የልጅህን ዓይን ሳያይ ሊሞት ነው። መንገድ ሲከፈት አገር ቤት ሂድና ሌላ አግባ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ባገባስ ምን ይለወጣል? ተመርምሬአለሁ፤ ጉድለቱ ከእኔ ነው።»

አቶ አምሃ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«ለምን እንዲህ አልክ?» አለችው ዕፀገነት።

«ፋታ ይስጡሽ ብዬ ነው። እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ወሬው ግን ጀፕን አዳረሰ፤ ወንዶቹ ሲያዩት ጨዋታቸውን ያቆሙ ጀመር፤ ሴቶቹ ዕፀገነትን «ታጋሽ» አሏት፤ እርሷም ሙገሳው ደስ እንዳሰኛት ባወቀች ጊዜ በራሷ አፈረች።

በሐምሌ ፳፻፲፫ ሦስተኛው የወረርሽኙ ማዕበል ሆስፒታሎቹን ሲያጨናንቅ ፋንታሁን ታመመ፤ ዕፀገነት እንድትገባ ሳይፈቀድላት፣ እርሱም ሳይሰናበታት አረፈ። ቀብሩ እንዳበቃ አቶ አምሃ ቀረብ አሏት።

«እህቴ፣ ከማይወልድ ሰው ጋር ዕድሜሽን ጨረስሽ። እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ።»

ዝም ብትል ክብሯ ተጠብቆ ይኖር ነበር።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ ጤነኛ ነበር። የተዘጋው የእኔ ማህፀን ቱቦ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኝ? እኔን ፈርቶ ነው?»

«ለእኔ ፈርቶ ነው።»

አቶ አምሃ መቃብሩ አጠገብ ተመልሰው ቆሙ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሁሉ ሙታንን ቆጠሩ፤ ስለተዘጉ ሱቆችም ጻፉ፤ ቀጠሯቸው ሲገፋ የመውለጃ ዕድሜያቸው ስላለፈባቸው ሴቶች ግን ብዙ አልተባለም። በጀፕም እውነቱ ወሬው የሮጠውን ያህል አልሮጠም፤ ፋንታሁን መካን እንደተባለ ቀረ። አቶ አምሃ ብቻ፣ ያ ቃል በተነሣበት ሁሉ፣ ሰው አቋርጠው ያርሙ ነበር።