ከክዳኑ ላይ የተነሳው ጫማ

ቦይ ጠራጊውን ከጉድጓዱ ሲያወጡት የጎማ ቦቲው ከእግሩ አልወለቀም ነበር። የቆዳ ጫማው ግን ሁልጊዜ በሚያኖርበት ቦታ፣ በብረት ክዳኑ ላይ፣ አልተገኘም።

መርማሪዋ ስትደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ከሦስቱ በሮች ፊት የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ጨርሷል፦ ገዳይዋ ልብስ አጣቢዋ ናት። የሟቹ ጫማ እሷ ደጃፍ ላይ ተገኝቷላ! የፖሊሱ መኪና አጣቢዋን ለመውሰድ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ከቤቷ ውስጥ ደግሞ ከአልጋ የማትነሳው እናቷ «ልጄ! የት ሄድሽ?» እያለች ትጣራለች።

ያ ጥሪ መርማሪዋን አጣደፋት። አንድ ቦታ መቆም አቃታት፤ ከጉድጓዱ ወደ ደጃፉ፣ ከደጃፉ ወደ ጉድጓዱ ተመላለሰች።

«ጫማውን ለምን ክዳኑ ላይ ይተወዋል?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ምልክት ነዋ!» አሉ የመካከለኛው ቤት ባለቤት፣ ጡረተኛው መምህር። «ጫማው ካለ ሰውየው ውስጥ ነው፤ ማንም ምንም አይደፋም። ከሌለ ደግሞ...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው፣ ሁላችንም እንደፋለን።»

«እርስዎ ምን ይደፋሉ?»

«የመኪና እጣቢ። አንዳንዴ ዘይቱንም። ‹ጋሼ፣ ይሄ የዝናብ ቦይ ነው፤ ማጣሪያ የለውም፣ ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ኖሯል። ትናንትም ተጣልተናል። ይጻፉት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ወገቤ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። በመስኮቱ ሳል ሰማሁ፤ አንጀት የሚበጥስ ሳል። ሳሉ ሳይቆም ኮቴ መጣ፤ ፈጠን ያለ፣ ሄዶ የተመለሰ። ሰው ደረሰለት ብዬ ዝም አልኩ።»

አጣቢዋ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበች። «እትዬ፣ በረኪና ደፍቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን አንድ ሰዓት ላይ፣ እሱ ሳይመጣ ነው። ሲመጣ ‹አንቺ፣ መውጫው በጨርቅ ተደፍኖ በረኪናሽ እዚሁ ተኝቶልሻል› ብሎ ስቆብኝ ወረደ።»

«ጫማውስ?»

«እናቴን ሳገላብጥ ነበር። ስወጣ ደጄ ላይ አገኘሁት። እኔ ምኑን አውቄ!»

የሦስተኛው በር ሰው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነው፤ ሠፈሩ «ቮልት» ይለዋል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ወንፊት መስሏል።

«እኔ ለቦይ ምን አለኝ?» አለ አፉን ሞልቶ። «አሮጌ አሲዴን በጀሪካን አጠራቅሜ ለሚወስደው ሰው ነው የምሰጠው። ይልቅ ሠፈሩን በበረኪና ያስነጠሰችውን ይጠይቋት!»

«ጫማውን አይተውታል?»

«ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የጫማውን ጥቁር ክር በጓንቷ ነካችው። እንደ በሰበሰ ቅጠል ፍርፍር አለ። ሬሳውን ለመረመረው ሐኪም ደወለች፤ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ሦስቱንም ጉድጓዱ አጠገብ ጠራቻቸው።

«ሰውየው ወድቆ አልሞተም» አለች። «ሳንባውን ጋዝ አቃጥሎታል። በረኪናው እሱ ሲወርድ እዚያው ነበር፤ እያሸተተው፣ እየሳቀ ነው የወረደው። በረኪና ከአሲድ ሲገናኝ ግን ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ እሱ ከወረደ በኋላ አንድ ሰው አሲድ ደፍቷል።»

«አሲድ እኔ ጋ ብቻ ነው እንዴ ያለው?» ቮልት ጮኸ። «የሽንት ቤት ማጽጃም አሲድ አለው! እሷም ትገዛለች!»

«ትገዛ ይሆናል። ግን ጫማውን ያነሳው ሰው በክሩ አንጠልጥሎ ነው የወሰደው። ክሩ የተበላው እጅ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የእሷ እጅ ከጠዋት ጀምሮ በረኪና ውስጥ ነው፤ እሷ ብትይዘው ጥቁሩ ክር ይነጣ ነበር። ይሄ አልነጣም። እንደ እርስዎ ሱሪ አሲድ በልቶታል።»

የቮልት ቆሌ ተገፈፈ። «እሺ፣ ደፋሁ! ደጄ ፊት ባለው የቦዩ መውረጃ ነው የደፋሁት፤ ክዳኑን አላየሁም! ሁሉም ይደፋ የለ?»

«አምንሃለሁ» አለች። አንቱታው ቀረ። «ስትደፋ ጫማውን ላታይ ትችላለህ። እጅህ አሲድ የነካው ግን ያኔ ነው፤ ስለዚህ ጫማውን ያነሳኸው ከደፋህ በኋላ ነው። መምህሩ ኮቴህን ሲሰሙ ሳሉ አልቆመም ነበር። ሰውየው በሕይወት አለ። ገመድ መጣል ትችል ነበር፤ ምንም ቢያቅትህ መጮህ ትችል ነበር። አንተ ግን ጥፋቱ በእሷ እንዲላከክ ጫማውን አንጠልጥለህ እሷ ደጅ ድረስ ሄድክ።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቮልት አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ፈራሁ።»

መኪናው እሱን ይዞ ሄደ። አጣቢዋ ግን አልተነቃነቀችም።

«እትዬ፣ ነጻ ነኝ?»

«ነሽ።»

«በረኪናው ግን የእኔ ነበር።»

መርማሪዋ የሚያጽናና ነገር ፈለገች፤ ውሸት ያልሆነ አላገኘችም። «ነበር» አለች።

አጣቢዋ የጠዋቱን ሳፋ ከነእጣቢው አነሳች፤ እግሯ እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ቦዩ ወሰዳት። ቆመች።

«ይሄን የት ልድፋው?»

«መጸዳጃ ቤት። የዚያ ቱቦ ወደ ማጣሪያ ነው የሚሄደው።»

«እሱም እንዲሁ ይለኝ ነበር» አለች ሳፋውን ይዛ ወደ መጸዳጃ ቤቱ እየዞረች። «እኔ ደግሞ ‹ሩቅ ነው› እለው ነበር።»