ጨዋዎቹ መኪኖች

ሁለቱ መኪኖች መስቀለኛው መንገድ ላይ ደርሰው ቆሙ። መቆም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ቆመው ቀሩ። መንገዱ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ካርቶን ነው፤ መኪኖቹም ከጫማ አይበልጡም። ግትርነታቸው ግን የከባድ መኪና ነው።

«ምን እየተባባሉ ነው?» አለ ጠበቃው።

ጠበቃው ሕግ አልተማረም፤ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስሙ የወጣለት የቤት ሥራ ባልሠራ ቁጥር በሚያቀርበው ክርክር ነው። የክፍል ጓደኛው ሽቦ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በቅጥነቷ ነው። የመኪኖቹን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት።

ሽቦ ስክሪኑን አየች። መኪኖቹ የሚነጋገሩት በሶኬት ነው። የአንዷ ፕሮግራም መስመር ከፍቶ ይጠብቃል፣ የሌላዋ ይደውላል፣ ከዚያ ልክ እንደ ስልክ ወሬው ይቀጥላል። መስመሩ ደህና ነው። ጣጣው ወሬው ላይ ነው።

«ቀይዋ ‹ይለፉ› ትላለች። ሰማያዊዋ ‹ኧረ እርስዎ ይለፉ› ትላለች። በቃ፣ ማብቂያ የለውም።»

«መኪና አንቱ ይባላል እንዴ?»

ሽቦ አፈረች። ሹፌሩ አባቷ «ጨዋ ማለት መንገድ ላይ ሰው የሚያስቀድም ነው» እያለ ነው ያሳደጋት። እሷም ምክሩን እንዳለ ፕሮግራሙ ውስጥ ገልብጣዋለች፦ ሌላ መኪና ካየሽ አስቀድሚ፣ እስኪያልፍ ጠብቂ። ለየብቻ ስትሞክራቸው ምንም አልሆኑም ነበር። ሁለቱን ያገናኘቻቸው ዛሬ ገና ነው።

የባሰው ደግሞ ጠበቃው ባለፈው ሳምንት ለኮምፒውተር መምህርቷ «ቲቸር፣ እንደ ሰዓት ነው የሚሠሩት» ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ቲቸር አምነው ለዳይሬክተሩ ነገሩ። ዳይሬክተሩ ዛሬ ሊያዩ ይመጣሉ። የሚታይ ነገር ከሌለ ይህ የኮምፒውተር ክለቡ ክፍል የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሆናል፤ ክፍሉ ከሄደ ክለቡም አበቃለት። ሽቦ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የእኔ የምትለው ይህን ክፍል ብቻ ነው።

ጠበቃው ከቦርሳው የመኪኖቹን የድሮ ሪሞት አወጣ።

«ከጠረጴዛው ሥር ይዤ እነዳቸዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አቦ ፋራ አትሁኚ። ክፍሉን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?»

ትፈልገዋለች። ስለዚህ እንዳላየ ሰው ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ራሷንም ታዘበች።

በሩ ተከፈተና ጠበቃው ሪሞቱን ደበቀ።

«ይግቡ» አሉ ቲቸር።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«በፍጹም፣ እርስዎ እያሉማ አይሆንም።»

«ግድ የለም፣ ይግቡ ይግቡ።»

ከኋላቸው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ወንበር እስከ አገጫቸው ተሸክመው ቆመዋል። ሰውየው የዳይሬክተሩን ውሳኔ እንኳ አልጠበቁም።

«እባካችሁ እጄ ዛለ» አሉ። «ታላቅ ይግባና ይገላግለን።»

ሽቦ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ኪቦርዱ ላይ ተደፋች። መኪኖቹ ዕድሜ ባይኖራቸውም ቁጥር አላቸው። እኩል ከደረሱ ትልቅ ቁጥር ያላት ትለፍ። ዳይሬክተሩ ኮታቸውን እያስተካከሉ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ የመጨረሻዋን ፊደል ጻፈች።

«ወንበሮቹን የት ላድርጋቸው?» አሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛው።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ እንይ» አሉ ዳይሬክተሩ። «በደንብ ይሠራሉ ተብያለሁ።»

«እንደ ሰዓት» አለ ጠበቃው፣ አንድ እጁ ጠረጴዛው ሥር እንደሆነ።

ሽቦ እጇን ወደዚያው ሰደደች። ጠበቃው በዓይኑ ተከራከረ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ተረታ። ሪሞቱን ተቀብላ ባትሪውን አወጣችና ኪሷ ከተተችው።

«ቅድም አልሠሩም ነበር» አለች። «እርስ በርስ እየተጋበዙ ቆመው ቀሩ። አሁን ያስተካከልኩት ይመስለኛል፤ ግን ገና አልሞከርኩትም።»

ቲቸር ግንባራቸውን ያዙ። ጠበቃው ባዶ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ።

«ባይሠራስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የቆሙበትን ምክንያት አብረን እንፈልጋለን።»

ሽቦ ዳይሬክተሩ የመኪኖቹን ወሬ እንዲያነቡ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችና መኪኖቹን አስነሳቻቸው።