የእርቅ ትዕይንት

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ልጅቷ የሳሎኑን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭው ብርድ ነው። እናትና አባቷ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ በዚህ መስኮት እንደተጨቃጨቁ ነው፤ እሱ ይከፈት ይላል፣ እሷ ይዘጋ ትላለች። ዛሬም እንዲጣሉበት ፈልጋለች።

ነገሩ እብደት ይመስላል፤ ለእሷ ግን ትምህርት ነው። የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ አስተማሪ፣ «የፊልም ድርሰት መጻፍ የሚፈልግ፣ ታዋቂ ፊልም መርጦ እስኪሰለቸው ይየው» ብለው ነበር። እሷም ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን የፍቅር ፊልሞች በስልኳ ከፍታ፣ በየትዕይንቱ እያቆመች፣ ማን ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው ስትጽፍ ከረመች። ጓደኞቿ «አቦ አታካብጂ፣ ዝም ብለሽ እዪው» ቢሏት አልሰማ ስላለች «ስክሪፕት» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። የተለያዩ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚታረቁ አሁን አብጠርጥራ ታውቃለች። መጀመሪያ ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ በማይረባ ነገር ይጣላሉ፣ በጠቡ መሀል የታመቀው ሁሉ ይወጣል፣ አንዳቸው ያለቅሳል። በቃ፣ ታረቁ።

አባቷ ከቤት ወጥቶ አጎቷ ጋ ከገባ ወራት አልፈዋል። ዛሬ ደውላ «እማዬ ላናግረው እፈልጋለሁ ብላለች» አለችው፤ ለእናቷም ያንኑ ውሸት ገልብጣ ነገረቻት።

አባቷ ከሚሠራበት ጋራዥ በቀጥታ መጣ። እጁ ገና ግራሶ ይሸታል። እናቷ ሻዩን አቀረበችለት።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ልጅቷ ደነገጠች። አባቷ በዚህ ቤት ለሻይ አመስግኖ አያውቅም፤ «ምነው ስኳሩን ነፈግሽኝ» ነበር የሚለው።

«ብርድ ገባ መሰለኝ» አለች እናቷ መስኮቱን እያየች። «ከተመቸህ ግን ይሁን።»

«ኧረ ዝጊው፣ ለእኔ ምንም አይደል።»

ተዘጋ። ስክሪፕት ጥግ ይዛ ጠበቀች። ስለ ጋራዡ ተጠየቀ፤ ደህና ነው ተባለ። ስለ ስፌቱ ተጠየቀ፤ ምንም አይል ተባለ። ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቁ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ከዚህ የተሻለ ያወራሉ። አንዴ ብቻ በጮሁ ብላ በሆዷ ለመነች። ከፊልሞቹ የተማረችው ነገር አሁን ትዝ አላት፤ ሰው የሚጣላው ገና የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው። እነዚህ ሁለቱ አንዳቸው ከሌላው የሚፈልጉት ምንም አልቀረም።

«ታዲያ ለምን ነበር የፈለግሽኝ?» አለ አባቷ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

«እኔ? የፈለግከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሁለቱም ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከተገናኛችሁ... ትጣሉና ትታረቃላችሁ ብዬ ነው።»

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጧት ደስ ባላት ነበር። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እኛ'ኮ አሁን አልተጣላንም፣ ልጄ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ጠቡማ ድሮ አለቀ።»

ሊሄድ ተነሳ። ፊልም ቢሆን ይሄኔ ልጅ ሮጣ በሩ ላይ ትጠመጠምበታለች፤ እሱም ይመለሳል። ስንቱን ደጋግማ አይታለች። እግሮቿ ሩጪ ሩጪ አሏት፤ እሷ ግን አልሮጠችም።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች። «የብርድ ጊዜ ልብሶችህ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። አጣጥፌ ልስጥህ፣ ይዘሃቸው ሂድ።»

እናቷ እነዚያን ልብሶች እስከ ዛሬ ከቦታቸው አላነሳቻቸውም፤ ልጅቷም ይህን እንደ ተስፋ ስትቆጥረው ኖራለች። መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከወፍራሙ ሹራብ ጀመረች።