ከእኔ ቀድሞ የሚደርሰው መልስ

በቦታው የነበርነው እኔ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዳኛው እና የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ነን። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ...

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ወለል ላይ ተኝታ ነበር።

ኮሜንት ላይ "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሉ። እኔ ሰው ፊት ሳወራ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ይህን ለማንም በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ስጽፍ ግን አይተሳሰርም።

ደግሞም የምጽፈው ፈርቼ አይደለም። ተናድጄ ነው።

እህቴ በፍርድ ቤቱ የሕግ አማካሪ ናት። ጠበቃ አይደለችም። ዳኛም አይደለችም። የወንጀል ዳኞች ሕጉ ሲያጠራጥራቸው የሚጠይቁት እሷን ነው። መዝገቡን ታነባለች፣ ሕጉን ታገላብጣለች፣ "ይህ ይቻላል፣ ይህ አይቻልም" ትላለች። ዳኞቹ ችሎት ላይ ተቀምጠው የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው ያነቡታል።

ስሟ የትም አይጻፍም። ተከሳሾቹ እንዲህ ያለች ሰው መኖሯን እንኳ አያውቁም።

እኔ ተላላኪ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥራውንም ያስገኘችልኝ እሷ ናት።

የእኛ ችሎት ዳኛ አንድ ልማድ አላቸው። ክርክሩ መሃል ሕጉ ሲጠፋባቸው "አጭር እረፍት" ይሉና ቢሯቸው ይገባሉ። ስልክ አይደውሉም። ወረቀትም አይጽፉም፤ የተጻፈ ነገር አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም ብለው ይፈራሉ።

እኔን ይጠሩኛል።

ጎንበስ ስል ጥያቄውን በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኛል። ኮሪደሩን አቋርጬ ለእህቴ በጆሮዋ እነግራታለሁ። መልሷን ይዤ እመለስና በቀኝ ጆሯቸው በኩል አንሾካሹክላቸዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ብለው ፊቴን አይተውት አያውቁም። ጆሯቸውን ይሰጡኛል፣ ዓይናቸውን ግን አይሰጡኝም።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ "ስልኩ" የሚል ስም አወጣችልኝ። ሳልፍ "ስልኩ፣ ዛሬ ኔትወርክ አለ?" ትለኛለች። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ከወራት በፊት አንድ ዘበኛ ተከሶ መጣ። የሚጠብቀው መጋዘን ተቃጥሎ ሰው ሞቶበታል። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት" ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። የፈረመበት እጁ ግን ሁለት ጣቶቹ ተሰብረው በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር።

ሌላ ማስረጃ የለም። ምስክር የለም። ያ ፊርማ ብቻ።

ዳኛው አጭር እረፍት አሉ። በድብደባ የተገኘ የእምነት ቃል ይዤ መፍረድ እችላለሁ ወይ ብለው ላኩኝ። እህቴ ከመዝገቡ ቀና እንኳ አላለችም።

"አይቻልም በላቸው።"

ነገርኳቸው። ደግመህ ጠይቃት አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያንኑ መለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲልኩኝ ያንኑ አለች፤ በዚህኛው ግን ቀና ብላ አየችኝ።

ምክር ግን ምክር ነው። ዳኛን አያስገድድም። የመጋዘኑ ባለቤት ትልቅ ሰው ነበር፤ አንድ ሰው መታሰር ነበረበት። ገብተው አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት።

የእህቴን ቢሮ ከኋላው ኮሪደር የሚለየው ደብዛዛ መስታወት ነው። እስረኞች ታጅበው ሲያልፉ ጥላቸው ብቻ ይታያል። ያን ቀን የዘበኛው ጥላ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፖሊሱ ቢጎትተውም አልንቀሳቀስ አለ።

"እንዴት አንድ ሰው እንኳ 'አይቻልም' የሚል ይጠፋል?"

ለማንም ብሎ የተናገረው አልነበረም። ለግድግዳው ነበር የተናገረው።

እህቴ ከመስታወቱ ወዲህ አፏን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ብላለች እኮ። ሦስት ጊዜ ብላለች። ግን ለማን ትንገረው? የምትመክረው ነገር ምስጢር ነው፤ ወጥታ ብትነግረው ሥራዋን ታጣለች።

ጥላው አለፈ።

ዘበኛው እስር ቤት ሞተ። ታሞ ነው ተባለ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው...

መጀመሪያ ዳኛው ናቸው የተናገሩት። መልስ ይዤላቸው ሄጄ ገና ጎንበስ ከማለቴ፣ በመሐረብ ጆሯቸውን እየጠረጉ፣ ትንፋሽህ ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው አሉኝ።

አፌን አልከፈትኩም ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ገና በሩን ስከፍት "ምን ረሳህ?" አሉኝ። ምንም አልረሳሁም፣ መልሱን ይዤ መምጣቴ ነው ብል ሳቁብኝ። አሁን ነግረኸኝ ወጣህ አይደል ወይ አሉኝ። ምን እንደነገርኳቸው ስጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ። የተጠየቀው ነገር አይቻልም ብለኸኛል አሉኝ።

የእህቴም መልስ እሱው ነበር።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ እንደ ልማዷ ቀለደች። "ስልኩ፣ ባለ ሁለት ሲም ሆንክ እንዴ? አሁን አለፍክ፣ አሁን ደግሞ ታልፋለህ።"

ሳቅኩ። ወደ ቤት ስሄድ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ዳኛው ዓይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሱ ጠየቁኝ።

"ጣቶችህን ምን ሆነህ ነው በጨርቅ የጠቀለልካቸው?"

እጆቼን አየኋቸው። ምንም አልሆኑም።

ማክሰኞ ዕለት የቀረበችው ልብስ አጣቢ ናት። የምትሠራበት ቤት አዛውንት ከደረጃ ወድቀው ሞተው ተገኙ። "ገፍቻቸዋለሁ" ብላ ፈርማለች ተባለ። የመረመራት ያው ዘበኛውን የመረመረው ፖሊስ ነው። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ችሎት ስትገባ ፖሊሱን የጠየቀችው ስለ ክሱ አልነበረም። ልጇን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት ነበር የጠየቀችው።

ዳኛው አጭር እረፍት አሉ።

ጥያቄው ያው ነበር፤ የእምነት ቃሉን ልቀበለው ወይ የሚል። ዛሬ ግን ጭማሪ ነበረው። የእህቴ የሥራ ውል በቅርቡ እንደሚያልቅና የሚያድሱት እሳቸው መሆናቸውን እንዳስታውሳት ነገሩኝ።

አስታወስኳት።

እህቴ መዝገቡን ዘጋችው። መስታወቱን አየችው።

"ይቻላል በላቸው።"

"እትዬ..."

"ሰምተኸኛል።"

"ለዘበኛው አይቻልም አልነበር ያልሽው?"

"ብዬስ ምን አመጣሁ?" አለች በሹክሹክታ። "እማዬን በምን ላሳክማት? በአንተ ደመወዝ? ሂድ በቃ።"

በእሷ ተናደድኩ። በዳኛው ተናደድኩ። አንድ ሰው ሌላውን የሚያስፈራራበትን ቃል ተሸክሜ በምመላለስበት እግሬ ተናደድኩ። በሩን በኃይል ልዘጋው ፈለግኩ፤ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ንዴቴም እንደኔ ዓይን አፋር ነው።

በመዝገብ ቤቱ በኩል ሳልፍ ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ዳኛው ቢሮ አየች። እንደገና ወደ እኔ።

አልቀለደችም።

"አሁን... ገብተህ የለም?" አለች ቀስ ብላ።

አልፌያት ሄድኩ።

የዳኛው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፤ ልክ እኔ ሳወራቸው እንደሚያደርጉት።

"ሰማሁ አልኩህ" አሉ።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

"ሰማሁ። አይቻልም። አይቻልም። ስንቴ ትነግረኛለህ?"

"ጌታዬ..." አልኩ።

ዘወር አሉ። ፊቴን አዩት። እዚያ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ፊቴን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ጎናቸው ዞሩ።

ባዶ ነው።

"አንተ እዚያ ከሆንክ..." አሉና አልጨረሱትም።

የጥቁር ካባቸው ትከሻ ተጨምድዶ ወደ ታች ተጭኖ ነበር። ሰው በእጁ እንደያዘው። ጨርቁ ቀስ... እያለ ተመለሰ።

እርጥብ ጭስ ሸተተኝ።

"እህትህ ምን አለች?" አሉኝ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"ይቻላል" የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ። የተላክሁት እሱን ላደርስ ነው። ደመወዜ ለሱ ነው። የእናቴም መድኃኒት በሱ ነው።

ዋጥኩት።

"ሰምተዋል እኮ፣ ጌታዬ" አልኳቸው።

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ካባቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ችሎት ገቡ። እኔም ከኋላ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሲያነቡ በየመሃሉ ያቆማሉ። ራሳቸውን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ያዳምጣሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ። ዐቃቤ ሕጉ ጸሐፊዋን አየ፤ ጸሐፊዋ ጣሪያውን አየች።

የእምነት ቃሉ ተቀባይነት የለውም አሉ። ተከሳሿ በነጻ ትሰናበት አሉ።

ልብስ አጣቢዋ አልገባትም ነበር። ፖሊሱ ካቴናውን ሲፈታላት እጆቿን እንደታሰሩ አድርጋ ያዘቻቸው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደሜ ግን ፈላ። እህቴ በሕይወት ያለች፣ ሕግ የተማረች ሰው ሆና "አይቻልም" ስትል ማንም አልሰማትም። እኔ የሚተነፍስ ሰው ሆኜ ሳደርሰው አልተሰማም። አንድ "አይቻልም" ጆሯቸው እንዲገባ የግድ ሰው መሞት ነበረበት?

ለእህቴ ልነግራት ሮጥኩ።

በሩን ከፈትኩት።

ወንበሯን ወደ መስታወቱ አዙራ ተቀምጣለች። ራሷ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ጆሮዋ ጋ ያለው ፀጉሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ወደፊት... ወደኋላ... ሰው ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

እያለቀሰች ነበር። ራሷን እየነቀነቀችም ነበር።

"አዎ" ትላለች በሹክሹክታ። "እኔ ነኝ ያልኩት። ብዬ ነበር... ሦስት ጊዜ ብዬ ነበር... ልነግርህ አልቻልኩም።"

ከመስታወቱ ማዶ ማንም አልነበረም። ከመስታወቱ ወዲህም ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ የሆነ ነገር የተጠየቀች መሰለኝ። እንባዋ ቆመ።

"ዛሬ... ዛሬ ምን አልኩ?" አለች።

የዘጋችውን መዝገብ በእጇ ሸፈነችው።

የሸሚዟ ትከሻ ቀስ ብሎ ተጨመደደ...

በማግስቱ እህቴ ሥራ ገባች። ዳኛውም ገቡ። ረፋድ ላይ "አጭር እረፍት" አሉ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስኪጠሩኝ ጠበቅኩ። ሳይጠሩኝ ወደ ችሎት ተመለሱ። መልሱ ደርሷቸው ነበር።