ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

«የቱን ጠርሙስ ነው ሥጋው ላይ ያፈሰስሽው?»

መርማሪው ሲጠይቃት መጋቢዋ አንገቷን ደፋች። የቆሰሉ አውሬዎች በሚታከሙበት በዚያ ግቢ፣ ሐኪሙ ጠዋት የነብሩን ፋሻ ሊቀይር ገብቶ በሕይወት አልወጣም። አውሬው በማስተኛ መድኃኒት የደነዘዘ መስሎት ነበር። መድኃኒቱን ከሥጋው ጋር የምትለውሰው እሷ ናት።

ከብረቱ ማዶ ነብሩ እያነከሰ ይንጎራደዳል። የግቢው ኃላፊ እስከ ማታ ይገደል ብለዋል። እሷ ደግሞ ወህኒ ከወረደች የሰባት ዓመት ልጇን የሚያይላት የለም።

«ቀይ ክር ያለበትን» አለች በመጨረሻ። የማስተኛውና የቫይታሚኑ ጠርሙሶች መንታ ናቸው፤ ፊደል እስክትለይ ድረስ በማስተኛው ላይ ክር እንድታስር የመከራት ሟቹ ራሱ ነበር።

ጠርሙሱ መጣ። ክሩ አለ፤ ጽሑፉ ግን ቫይታሚን ይላል።

የሐኪሙ ረዳት ከንፈሩን መጠጠ። «ምን ታድርግ፣ አላወቀችም። ተሳስታ ነው ያሰረችው።»

መርማሪው የግቢውን ዘበኛ ለብቻው አነጋገረና ሁሉንም ሰው መድኃኒት ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ለእያንዳንዳቸው ክርና ባዶ ጠርሙስ አደለ። «ቶሎ እሰሩልኝ።»

«ለዚህ ለዚህስ ባለቤቴን ብጠራት ይሻል ነበር» አለ ዘበኛው፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ አሰረው። ኃላፊው ክሩን ሁለት ጊዜ ጣሉት። መጋቢዋ እንደ ነዶ ጠፍራ ጫፉን አንዘላዘለችው። ረዳቱ ቀድሟቸው ጨርሶ መቀስ ፈለገ።

መርማሪው የረዳቱን ጠርሙስ ከቫይታሚኑ ጎን አቆመው። ቋጠሮው አንድ ነበር።

«ቁስል የሚሰፋ ሰው እንዳይላላበት መጀመሪያ ሁለቴ ያዞራል፤ ጫፉንም አሳጥሮ ይቆርጣል። እጅ የለመደውን አይረሳም። እዚህ ቁስል የሚሰፉት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። አንተ የዳኑ ንስሮችን ሞቱ እያልክ ልትሸጥ በካርቶን ስታወጣ ዘበኛው አይቶሃል፤ ለሐኪሙም ነግሮታል። ሐኪሙ ዛሬ ሊያመለክትብህ ነበር። እሷ ጠርሙሱን በክር እንደምትለይ አንተ ስለምታውቅ ክሩን ከማስተኛው ላይ ቆርጠህ ጣልክና ቫይታሚኑ ላይ አዲስ አሰርክ።»

ረዳቱ ጠርሙሱን ትክ ብሎ አየው። «የገደለው ነብሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ጣቴን አላነሳሁበትም።»



ረዳቱ በካቴና ሄደ፤ ኃላፊውም ነብሩ እንዳይገደል አዘዙ። ከሁለት ወር በኋላ ነብሩ እግሩ ድኖ ጫካ ተለቀቀ፤ ዞር ብሎም አላየ። መጋቢዋ ፊደል ተምራ፣ ክሩን ትታ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ሦስት ሦስት ጊዜ እያነበበች፣ ከልጇ ጋር እዚያው ቀረች።