የጋሽ ዝምታ ቤዝ

ጋሽ ሽቦ ወደ ልምምድ ክፍሉ ሲጠራ ካቻቪቴውን እንደያዘ ነበር የሄደው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል የሚጠራው ለጥገና ብቻ ስለነበር እግሩ ሌላ ምክንያት አላወቀም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የጠበቀው የተበላሸ ዕቃ ሳይሆን ነጠላ ጨርቅ የለበሰ ሬሳ ነው።

ሟቹን ሁሉም «ጋሽ ዝምታ» ይሉታል። ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ወሬ አይወድም። ቤዙ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ታይቷል፣ የብረት ክሮቹም ከተቀየሩ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል። «ክር ሲያረጅ ነው ድምፁ ሰው የሚሆነው» ይል ነበር። ጋሽ ዝምታ በዓመት ውስጥ ከዚህ የረዘመ ነገር ከተናገረ ብርቅ ነው።

አሁን ከአሮጌው አምፕሊፋየር ፊት ተዘርግቷል፤ ማይኩ አጠገቡ ወድቋል። ቤዙ ግን ጥግ ላይ፣ መቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኬብሉም ከላዩ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ሽቦ እንባው የመጣው ኬብሉን ሲያይ ነው። ወዳጁ ዕድሜ ልኩን ኬብሉን መሬት ላይ ጥሎ ሲሄድ፣ እሱ ደግሞ «ውስጡ ይበጠስብሃል» እያለ ሲጨቀጭቀው ኖረዋል። «በመጨረሻ ሰማኝ» አለ በልቡ።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልግ ሴት ናት። እንዲህ ስላየናት ብቻ የዋህ ናት ብሎ የተዘናጋ ሰው ግን ወዮለት።

«ይሄን አምፕሊፋየር መጨረሻ የጠገነው ማን ነው፣ አባባ?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ባለፈው ሰኞ። አሮጌ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮ ሽፋኑ ይፈሳል፤ ከቆርቆሮው በኬብሉ አድርጎ እስከ ቤዙ ክሮች ይደርሳል። ሰው እንዳይነዝር ስፒናው ውስጥ የምድር ሽቦ ገጠምኩለት። አረንጓዴና ቢጫውን።»

ስፒናውን ከፍታ አሳየችው። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከብሎኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ጋሽ ሽቦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ባለፈው ወር ብቻ የጥገና ሱቁን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ረስቷል። ምሳውን ሬዲዮ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን በብሎን ዘግቶበታል እየተባለም ይሳቅበታል፤ ቀልድ ነው እያለ አብሮ ይስቃል እንጂ እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቆ የተሰበረው ቀኝ አንጓው ዛሬም አይዞርም፤ ካቻቪቴውን በግራው ነው የሚይዘው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሽቦ ሳይገጥም ቢዘጋ ምን ይገርማል?

«ገጥሜው ነበር» አለ። ድምፁን ራሱም አላመነውም።

መርማሪዋ ብዙ አልተጫነችውም። «እኔ ስለ ሽቦ የማውቀው የለም። ሰዎቹን ሳነጋግር አብረውኝ ይቀመጡ» አለችው። ሰውየው እንደ ጥፋተኛ ይሁን እንደ ባለሙያ መቀመጡን ሳያውቅ ወንበር ሳበ።

ጋሽ ዝምታ የሞተው ቡድኑ ለምሳ ተበትኖ ሳለ ነው። ከሱ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የገባችው ዘፋኟ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ብቻዬን ነው ምሳ የበላሁት። ማንም አላየኝም» አለች። «ሌላም ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። ቤዙን ለእኔ ሊሰጠኝ ነበር። በድብቅ ያስተምረኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ነው የነገረኝ።»

«ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። እሱ ግን የሚነግረው ሰው እንዳለ ነግሮኛል። 'በኔ አፍ መስማት ያለበት አለ' አለኝ።»

ቀጥሎ የገባው ከበሮ መቺው ነው፤ ሁሉንም ዜማ ስለሚያፈጥን «ጎርፍ» ይሉታል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ጎርፍ። «ሁልጊዜ ታፈጥናለህ ይለኛል። ግን በዚህ ሰው ይገደላል? በዚህ ቢሆን እኔን ስንቴ በገደሉኝ!»

«ማይክ ይይዝ ነበር?»

«እሱ? አይዘፍን፣ አያወራ! ሲያጋጥመው እንኳን በመጀመሪያ በእጁ ጀርባ መታ ያደርገዋል። በልጅነቱ ማይክ ነዝሮት ያውቃል። በመዳፍህ ከያዝከው እጅህ ይጨመደድና አይለቅህም፣ በጀርባው ከሆነ ግን ይወረውርሃል ይል ነበር። እንስቅበት ነበር።»

ሦስተኛው የጋሽ ሽቦ ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከጋሽ ዝምታ እግር ስር ቁጭ ብሎ ቤዝ የተማረ፣ ጋሽ ዝምታ ሲታመም በቦታው የሚጫወት ጎልማሳ ነው።

«ሱቅ ነበርኩ፣ ከአባዬ ጋር» አለ።

«አዎ፣ ከኔ ጋር ነበር» አለ ጋሽ ሽቦ፣ ሳያስበው። ልጁ ሁልጊዜ ሱቅ ነው፤ ምኑ ይታሰባል! በምሳ ሰዓት እሱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ እንደወሰደው ትዝ ያለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ትዝ ሲለውም ነገሩን ገፍቶ ተወው።

ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ ሽቦ ተንጠልጥሎ ይታየዋል። በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ቢሮ ሄዶ ቆመ።

«ጻፊው፣ ልጄ። ረስቼው ነው። ወዳጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። እባክሽ ጻፊውና ልረፍ።»

እሷ ብዕሯን አላነሳችም። «ነገ ከሰዓት ልምምድ ክፍሉ ይምጡ። ሁሉም ይኖራሉ» አለችው።

በማግስቱ አራቱም ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወንበር ቢኖርም የተቀመጠ የለም። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ። መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አገኘችውና አወረደችው።

«ከሽቦው እንጀምር። አባባ የሽቦ ጫፍ ቀልጦ በሚደርቀው ብረት፣ በስታኞ፣ ሳያጠነክሩ አይገጥሙም። ይሄ ጫፍ ስታኞው ላይ የብሎን ንክሻ አለበት። ብሎን ያልገባበትን ሽቦ አይነክስም። እርስዎ አልረሱም፣ አባባ። ገጥመውታል። ሌላ ሰው ፈታው።»

ጋሽ ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አራት ቀን ሙሉ አምላኩን የለመነው ይህችን አንዲት ቃል ነበር።

«ሁለተኛ» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ የግራ ጣቶች ላይ ቀጫጭን የቃጠሎ መስመሮች አሉ። የቤዙ ክሮች ናቸው። ሲሞት ቤዙን ታቅፎ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ቤዙን መቆሚያው ላይ ማን አቆመው?»

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ሦስተኛ፣ ቀኝ እጁ የተቃጠለው መዳፉ ላይ ነው። በእጁ ጀርባ ሳይሞክር ማይክ የማይነካ ሰው፣ ያን ዕለት ለምን በመዳፉ ያዘው? ሌላ ሰው በእጁ ይዞ ስላቀበለው ነው። ሰው የያዘውን ነገር ማን ይፈራል? ማይኩን ብቻ የያዘ ግን አይነዘርም። ኤሌክትሪኩ ያለው ክሩ ላይ ነው፤ ማይኩ ደግሞ በራሱ ሽቦ ወደ ምድር ያወርደዋል፤ የሚነዘረው ማይኩንም ክሩንም አንድ ላይ የነካ ነው።»

«ስለዚህ ከእኛ አንዱ…» አለ ጎርፍ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

«ከእናንተ አንዱ። ለሰውየው ያልራራ እጅ ለቤዙ ራራለት። ወለል ላይ ሊተወው አልቻለም፤ አንስቶ አቆመው። ከዚያ ሳያስበው፣ በልማድ፣ ኬብሉን ጠቀለለው።» ኬብሉን ከሚስማሩ አወረደች። ወደ ዘፋኟና ወደ ጎርፍ ዞረች። «እናንተ ሁለታችሁ በክርናችሁ ዙሪያ ነው የምትጠቀልሉት። ሟቹ ጭራሽ አይጠቀልልም። ይሄኛው ግን አንዱ ዙር ከላይ፣ አንዱ ዙር ከታች ነው። አባባ፣ የማን አጠቃለል ነው?»

የጋሽ ሽቦ እንባ ቀጥ አለ። አጠቃለሉ የራሱ ነው። በወጣትነቱ፣ ሱቁ ውስጥ፣ በራሱ ጭንቅላት ያወጣው ነው። ያስተማረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁን ሊያየው አልደፈረም፤ ግን አየው። ልጁ ወለሉን ያያል።

«የኔ ነው» አለ ጋሽ ሽቦ። «የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። የፈታሁትም እኔ ነኝ። ጻፊው አልኩሽ እኮ!»

መርማሪዋ ኬብሉን በትና አቀበለችው። «እሺ። ይጠቅልሉልኝ።»

የመጀመሪያውን ዙር አዞረ። ሁለተኛው ላይ አንጓው መገልበጥ ነበረበት፤ እምቢ አለ። ኬብሉ ወደቀ። አጎንብሶ አነሳው፣ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። ላብ አጠመቀው። ዘፋኟ ፊቷን አዞረች። ሰውየው አሁንም አጎነበሰ፤ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ያጉረመርማል።

«ተወው፣ አባዬ» አለ ልጁ።

ኬብሉን ከአባቱ እጅ ወሰደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ እንደሚያደርገው አንዱን ዙር ከላይ፣ አንዱን ዙር ከታች አድርጎ እስከ ጫፉ ጠቀለለና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ እጁን አየው።

«አሥራ ሁለት ዓመት 'ከኔ በኋላ ያንተ ነው' ሲለኝ ኖረ» አለ። «ከዚያ ሰኞ ማታ ጠርቶ 'ጣት አለህ፣ ጆሮ ግን የለህም፤ ለሷ ነው የምሰጠው' አለኝ። እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ። ቁጭ በል እንኳን ሳይለኝ፣ ቆሜ።»

ፖሊሶቹ ቀረቡ። ጋሽ ሽቦ መሃላቸው ገባ፤ የልጁን ሸሚዝ ጨብጦ ያዘ።

«እኔን ይይዙኛል ብለህ አላሰብክም?»

«አባዬ… 'አርጅቷል፣ ረስቶ ነው' ብለው ይተዉሃል ብዬ ነው።»

ጋሽ ሽቦ ሸሚዙን ለቀቀው። መርማሪዋ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፣ እሱ ግን አላያትም። ልጁን ይዘውት ሲወጡ በሩን እያየ ቆሞ ቀረ።

«ገጥሜው ነበር እኮ፣ ልጄ» አለ። «አጥብቄ ነበር የገጠምኩት።»